ጆሮው ድኗል፤ እኔስ?

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። አንድ ሰው ሌላውን አቆሰለ እንበል። ቁስሉ ጊዜውን ጠብቆ ያለ ቀዶ ጥገና ዳነ። ሕመሙ ጠፋ፤ የተጎዳውም ሰው ወደ ቀድሞ ኑሮው ተመለሰ። ታዲያ ያቆሰለው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ዕዳ አለበት? ቁስሉ ከሌለ በደሉስ አለ?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከታናሽ ወንድሜ የግራ ጆሮ ነው።

በጣና ዳር

እኔ 18፣ እሱ 13 ዓመታችን ነበር። የሚያዝያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የባሕር ዳር ሙቀት በሚያዝያ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ወንድሜ ሳያስፈቅደኝ ስልኬን ይዞ ወጥቶ ነበር። ዳር ላይ ያረፉትን ትልልቅ ነጫጭ የውሃ ወፎች ፎቶ ሊያነሣ ድንጋይ ላይ ሲንጠራራ ስልኩ ከእጁ አምልጦ ጣና ገባ።

ያን ስልክ የገዛሁት ለስድስት ወር ባጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። ወሬውን ሰምቼ ስደርስ ስልኩን በሸሚዙ እየጠራረገ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ሊናገር አፉን ሲከፍት በጥፊ መታሁት።

አንድ ጥፊ ነው። አላለቀሰም። ግራ ጆሮውን ይዞ "ጭው አለብኝ" ብቻ አለ። እኔም "ይበልህ!" አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ትራሱ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል የደም ነጥብ ነበረች።

"አንድ ጥፊ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በአገራችን ጥፊ እንደ መምታት አይቆጠርምና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ቤታችን ስንገባ ግን ታላቅ መሆን አሁንም እጅ ለማንሣት ፈቃድ ይመስለናል። እኔም ፈቃድ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

እሑድ የመዘምራን ተራዬ ስለነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ዘመርኩ። ሰኞ እናታችን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኳቸው። የጤና ባለሙያው በመብራት አይቶ "ታምቡሩ ተቀዷል" አለ። ቀጥሎም "ማን መታህ?" ሲል ጠየቀው። ለጥያቄው ምክንያት ነበረው። አብዛኛው ሰው ቀኝ እጁን ይጠቀማል፤ ፊት ለፊት ቆሞ በቀኝ እጁ በጥፊ የሚመታ ሰው የሚያገኘው የግራ ጆሮን ነው። በጥፊ ከሚቀደዱ ታምቡሮች የሚበዙት የግራዎቹ የሆኑት ለዚህ ነው።

ወንድሜ ወደ እኔ ሳይመለከት "ኳስ ነው" አለ።

እኔ ዝም አልኩ። እናታችን እስከ ቤት ድረስ መንገዱን ሙሉ ተቆጣችው። "ኳስ ኳስ ስትል ጆሮህን አጣኸው!" አለችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እኔም አጠገቡ እየሄድኩ ሰማሁ።

የተቀደደ ታምቡር እንዴት ይድናል?

ወደ ጥያቄያችን ከመመለሴ በፊት ስለ ታምቡር ጥቂት ልንገራችሁ። የያዛችሁትን የመጽሔት ገጽ በሁለት ጣት ዳብሱት። የጆሮ ታምቡር ውፍረቱ ያንኑ ያህላል፤ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ስፋቱም ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በዚህች ስስ ነገር ውስጥ ሦስት ንብርብር አለ። በውጭ በኩል ያለው ቆዳ ነው። በውስጥ በኩል ያለው የአፍንጫችንን ውስጥ እንደሚሸፍነው ያለ ስስ ልባስ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ታምቡሩን ወጥሮ የሚይዝ የጠንካራ ክሮች ንብርብር አለ። ድምፅ ሲደርስ ታምቡሩ ይርገበገባል፤ ከበስተጀርባው ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች፣ በቅርጻቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉት፣ እንቅስቃሴውን ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሻግሩታል።

ጥፊ ይህን ታምቡር የሚቀድደው ነክቶት አይደለም። የተዘረጋ መዳፍ የጆሮን ቀዳዳ ድንገት ሲደፍነው በውስጡ ያለው አየር መውጫ ያጣና ታምቡሩን ይገፋዋል። ቡጢ ካልሆነ፣ ዱላ ካልሆነ ምንም አይደለም የምንል ሁሉ ይህን እናስተውል። ክፍት እጅ ለጆሮ ከተዘጋ እጅ የባሰ ሊሆን ይችላል።

የቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ ቆዳው ቢቀደድ በራሱ አይገጥምም፤ ሌላ ቆዳ መወጠር ግድ ነው። የጆሮ ታምቡር ግን ሕያው ነው። የውጭው ቆዳ ሁልጊዜ በጉዞ ላይ ነው። ከታምቡሩ መካከል አካባቢ ተነሥቶ ወደ ዳር፣ ከዳርም በጆሮው ቦይ ወደ ውጭ ይጓዛል። ፍጥነቱ በቀን የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ጆሯችን ኩኩን ማንም ሳይቆፍረው ወደ ደጅ የሚያወጣው በዚህ ጉዞ ነው። ታምቡሩ ሲቀደድ ደግሞ ይኸው ተጓዥ ቆዳ ከቀዳዳው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ማዶ ይሻገራል።

አሻጋገሩ ከሌላው ቁስል ይለያል። እጃችንን ቢላ ቢቆርጠን ቁስሉ ከሥር በሥጋ ይሞላና ቆዳ በላዩ ይመጣል። የታምቡር ቀዳዳ ግን ከሥሩ አየር እንጂ ሥጋ የለውም። ስለዚህ ቀድሞ የሚሻገረው የውጭው ቆዳ ነው፤ የውስጡ ልባስ ይከተለዋል። ብርታት የሚሰጠው የመካከሉ ንብርብር ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የዳነው ቦታ በሁለት ንብርብር ይቀራል፤ ከዙሪያው የሳሳ ይሆናል። ሰውየው በደንብ ይሰማል። ሐኪም በመብራት ሲያየው ግን ያ ቦታ የት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይለየዋል።

ትንሽ ቀዳዳ ውሃና ቆሻሻ ካላገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት እስከ 2 ወይም 3 ወር ባለው ጊዜ ይገጥማል። ታዲያ ባለሙያው ለወንድሜ ምን አዘዘለት? ትእዛዙ ሁሉ "አይግባ" እና "አይደረግ" ነበር። ውሃ አይግባ፤ ሲታጠብ ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ የጆሮውን አፍ ይድፈን። ሐይቅ ውስጥ አይዋኝ፤ ውሃው ተሕዋስያንን ይዞ ወደ መካከለኛው ጆሮ ከገባ ያመግላል፣ የመገለ ጆሮ ደግሞ በቀላሉ አይገጥምም። ክብሪት፣ ላባ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አይግባ። በኃይል አይናፈጥ፤ መካከለኛው ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር በቀጭን ቱቦ ስለሚገናኝ አየሩ ከውስጥ ይገፋዋል።

እናቴ "ጤና አዳም ጨምቄ ከለብ ያለ ዘይት ጋር ጠብ ላድርግለት?" ብላ ጠየቀች። ብዙ እናቶቻችን የሚያውቁት መድኃኒት ነው። ባለሙያው በአክብሮት "አይሆንም እናቴ፣ ምንም አይግባበት" አላት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ጠብታም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ እንዳይጨመር አስጠነቀቃት፤ ታምቡሩ ክፍት ሲሆን አንዳንዱ ጠብታ አልፎ ገብቶ የውስጠኛውን ጆሮ ይጎዳልና። መግል ቢታይ፣ ማዞር ቢመጣ ወይም መስማቱ ቢብስ ግን ሳንውል ሳናድር እንድንመለስ ነገረን።

ይህን ሁሉ ስሰማ ትዝ ያለኝ ታንኳ ነው። ከደንገል የታሰረ የጣና ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ሲከብድ ባለቤቱ ከሐይቁ አውጥቶ ዳር ላይ ያቆመውና ለፀሐይና ለነፋስ ይተወዋል። ለሚያልፍ ሰው ታንኳው ሥራ የፈታ ይመስላል። ባለቤቱ ግን ሳይደርቅ ቢመልሰው ዕድሜው እንደሚያጥር ያውቃል።

ወንድሜም ያን ሰሞን እንደዚያ ታንኳ ዳር ላይ ቀረ።

"አሜን" ያልኩበት ምሽት

ግንቦትና ሰኔ አለፉ። ጓደኞቹ ሲዋኙ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ልብሳቸውን ይጠብቃል። ክፍል ውስጥ ወደ ፊት ወንበር ተዛወረ። መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ በስተግራዬ ይሆናል፤ በቀኝ ጆሮው ሊሰማኝ ነው። ሐምሌ ሲገባ ባለሙያው አይቶ "ገጥሟል" አለን።

በዚያው ሳምንት በወጣቶች ፕሮግራም የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ወንድሜ ተነሣ። "ጆሮዬ ተጎድቶ ነበር፤ ጌታ ፈውሶኛል" አለ። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተሞላ። እኔ ኪቦርድ ላይ ነበርኩ። ከሁሉ ድምፅ በላይ "አሜን!" ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ያን ምሽት የተደሰትኩት ስለ ወንድሜ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉ ግን ሌላ ነበር። ጆሮው ሲገጥም የእኔም ጉዳይ አብሮ የተዘጋ መሰለኝ። ማስረጃው ጠፍቷል፤ እሱ ስሜን አልጠራም፤ ጌታም ፈውሶታል። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ?

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በዚያ ፈውስ ላይ ጥርጥር የለኝም። አንዳንዶቻችን አንድ ቁስል "በራሱ ዳነ" ሲባል የእግዚአብሔር ሥራ የቀነሰ ይመስለናል። ቆዳን ተጓዥ አድርጎ የፈጠረው ማን ነው? ሦስት ወር የፈጀ ፈውስ በአንድ ቅጽበት ከሆነ ፈውስ አያንስም። ችግሩ ፈውሱ ላይ አልነበረም፤ እኔ ፈውሱን ለምን እንደተጠቀምኩበት ላይ ነው። ለእሱ የተሰጠውን ምሕረት ወስጄ የራሴን ኃጢአት ሸፈንኩበት።

አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ወንድሜ 17 ዓመት ሞልቶት ቁመቱ ከእኔ ሲስተካከል፣ የሸሚዙን ኮሌታ ላስተካክልለት ቀኝ እጄን አነሣሁ። ራሱን በፍጥነት ወደ ሌላው ጎን ሸሸ። ሳያስበው ነው። ወዲያው ሳቀ፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ታምቡሩ ገጥሟል። አንገቱ ግን ያን ቅዳሜ አልረሳውም።

ጴጥሮስና ማልኮስ

በዚያ ሳምንት መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ስለ ጆሮ ፈለግኩ። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ጋ ደረስኩ። በጌቴሴማኒ ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ቀኝ ጆሮ ቆረጠ።

አራቱንም ወንጌሎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት። መቁረጡን አራቱም ጽፈዋል። ኢየሱስ ጆሮውን ዳስሶ እንደፈወሰው የጻፈው ግን ሉቃስ ብቻ ነው (ሉቃ. 22፥50–51)። የመቺው ስም ጴጥሮስ፣ የተመቺው ስም ማልኮስ መሆኑን የነገረን ደግሞ ዮሐንስ ብቻ ነው (ዮሐ. 18፥10)። ጆሮው በዚያው ሌሊት ድኗል። ሆኖም መንፈስ ቅዱስ ድርጊቱ እንዲጻፍ ፈቀደ፤ ስምም እንዲጠራ ፈቀደ። ፈውሱ ድርጊቱን ከመዝገብ አልፋቀውም።

ቀጥላችሁ ያንኑ ምዕራፍ እስከ ቁጥር 26 አንብቡ። ጴጥሮስ በግቢው ውስጥ እሳት ሲሞቅ የማልኮስ ዘመድ የሆነ ሰው አየው፤ በአትክልቱ ስፍራ ከእሱ ጋር አላየሁህም ወይ ብሎ ጠየቀው። የዘመዱ ጆሮ ድኖ ሳለ ሰውየው የመቺውን ፊት አልረሳም። ጴጥሮስም ካደ፤ ዶሮም ጮኸ። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼ ጴጥሮስ የካደው ጌታውን ብቻ እንደሆነ አስብ ነበር። ያን ቀን ግን ሌላም ታየኝ። በዚያ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ጴጥሮስ "አልነበርኩም" ሲል ጌታውንም ካደ፣ ያነሣውንም ሰይፍ ካደ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ወንድሜ "ኳስ ነው" ሲል ዝም ያልኩበትን ሰዓት አየሁት። የእኔም ዝምታ "አልነበርኩም" ማለት ነበር።

ሁለተኛ የደረስኩበት ክፍል በሕጉ ውስጥ ነው (ዘጸ. 21፥18–19)። ሁለት ሰዎች ይጣላሉ፤ አንዱ ሌላውን በድንጋይ ወይም በጡጫ ይመታዋል። የተመታው አይሞትም፤ አልጋ ላይ ይውልና በኋላ ተነሥቶ በምርኩዝ ደጅ ይወጣል። ሕጉ ምን ይላል? መቺው በነፍስ አይጠየቅም። ነገር ግን የተመታው ሰው ሥራ ለፈታባቸው ቀናት ይከፍላል፤ ማሳከሚያውንም ይችላል። በመግቢያዬ የጠየቅኳችሁ ጥያቄ እዚህ ጋ መልስ አለው። ሰውየው ድኗል፤ በእግሩም ይሄዳል። ዕዳው ግን አለ። ዕዳው የሚቆጠረው በቁስሉ መኖር ብቻ ሳይሆን ቁስሉ በወሰዳቸው ቀናት ነው።

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ያሉትን ቅዳሜዎች ቁጠሩ። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሰው ልብስ የጠበቀባቸው ናቸው። በእነዚያ ላይ ስለ ኳስ የሰማውን ቁጣ ጨምሩ። የዚህን ሁሉ ዋጋ የከፈለው የተመታው ነው።

"ጸጋስ?"

ከእናንተ መካከል አንዱ "ወንድሜ፣ እኛ በሕግ ሳይሆን በጸጋ ነው የዳንነው፤ ዕዳ ዕዳ አትበል" ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ የኃጢአቴን ዋጋ የከፈለው ክርስቶስ ነው፤ እኔ አንድ ሳንቲም አልጨምርበትም። ግን ዘኬዎስን አስቡት። ኢየሱስ ወደ ቤቱ ሊገባ የፈለገው ዘኬዎስ ገና ምንም ሳይመልስ ነው። ዘኬዎስ በደስታ ከተቀበለው በኋላ ቆሞ፣ በማታለል የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ (ሉቃ. 19፥5–8)። ጸጋ የበደልነው ሰው ደጅ ድረስ የሚያስኬድ ጉልበት ይሰጣል። ወደዚያ ደጅ እንዳንሄድ ሰበብ ካደረግነው ግን በጸጋ ስም እየተደበቅን ነው። ጌታ ራሱ መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ወደ ወንድማችን እንድንሄድ አዝዞናል (ማቴ. 5፥23–24)። እኔ አራት ዓመት ሙሉ መባዬን ሳቀርብ ወንድሜ በዚያው አዳራሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ እኔን ለብዙ ሳምንት ያስጨነቀኝ እሱ ነው። የጤና ባለሙያው "ምንም አይግባበት" ብሎ አልነበር? የሚድን ቁስልን የሚነካካ ሰው ያብሰዋል። ታዲያ ከአራት ዓመት በኋላ የዱሮውን ነገር ማንሣት የዳነ ጆሮ ውስጥ ጥጥ መክተት አይደለም?

ይህን ፍርሃት አትናቁት። አንዳንድ ይቅርታ ጠያቂ በእውነት ጥጥ ይከታል። ኅሊናው በከበደው ቁጥር ይመጣል፤ አልቅሶ ያስለቅሳል፤ "ይቅር ብዬሃለሁ በለኝ፣ አሁኑኑ በለኝ" ይላል። የተበደለው ሰው የበዳዩን እንባ ሲጠርግ ያመሻል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያክመው የራሱን ማሳከክ ነው። እናቴ በፍቅር ዘይት ልታደርግ እንደፈለገችው፣ ቅንነቱ ለጆሮው አይጠቅምም።

ልዩነቱን ለማየት ወደ ጤና ጣቢያው ልመለስ። ባለሙያው ጆሮውን አየው፤ ምን እንደሆነ በስሙ ጠራው፤ ከዚያ እጁን ሰበሰበ። መንካትና ማየት ሁለት ነገሮች ናቸው። ከእኔ የሚጠበቀውም ይህን ይመስላል። የሠራሁትን በስሙ መጥራት። ያሳጣሁትን መጠየቅና የሚቻለኝን መመለስ። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ፤ መቼ ይቅር እንደሚለኝ ቀን አለመቁረጥ። በተጨማሪም የዳነው ቦታ የሳሳ መሆኑን አውቆ ሁለተኛ እጅ አለማንሣት፣ በቀልድም ቢሆን።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል ለተመቱት አንድ ቃል አለኝ። ቀዳዳ ሁሉ በራሱ አይገጥምም። ሰፊ ከሆነ፣ ከመገለ ወይም ከሦስት ወር በላይ ከቆየ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ማየት አለበት። እዚህ እኛ ከተማ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚላክ ሰው አለ። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ከጆሮ በላይ ያለውን ጡንቻ ከሚሸፍነው ስስ ልባስ ጥቂት ወስዶ ቀዳዳው ላይ ያነጥፈዋል። ታምቡሩም ያንን እንደ ድልድይ ተጠቅሞ ይሻገራል። ይህን የሚያስፈልገው ሰው እምነቱ ያነሰ አይደለም፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው እንጂ። የልብ ቁስልም እንዲሁ ነው። አባት የመታው፣ አስተማሪ ያዋረደው፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ሰው የቆሰለ ወጣት በመካከላችን አለ። ቶሎ ባለመዳናችሁ አትፈሩ፤ ለሚረዳችሁ ሰው ንገሩ። ከዳናችሁም መዳናችሁ ለመታችሁ ሰው የነጻነት ወረቀት አይደለም። ይቅር ማለት ትችላላችሁ፤ ይቅር ለማለት ግን "ኳስ ነው" ማለት የለባችሁም።

ጎዶሎው ምስክርነት

ወንድሜን ያነጋገርኩት ያው ሐይቅ ዳር ነው። ቀድሜ "አንድ የዱሮ ነገር ላነሣብህ ፈልጌ ነበር፤ ካልፈለግህ እተወዋለሁ" አልኩት። "ተናገር" አለኝ። ነገርኩት። ስለ ስልኩ አላነሣሁም፤ ስልኩን ካነሣሁ ሰበብ ይሆናልና። መታሁህ አልኩት። ጤና ጣቢያ ዋሸህልኝ፣ እኔም ዝም አልኩ አልኩት። በኳሱ ስትቆጣህ አጠገብህ ነበርኩ አልኩት። በመጨረሻም "ምን ላድርግልህ?" ብዬ ጠየቅኩት።

ብዙ ቆይቶ "ለእማዬ ንገራት" አለኝ።

በዚያው ማታ ነገርኳት። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር፤ ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችው። የመታሁት እኔ መሆኔን ስሰማ ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን በዝግታ "እኔ ያን ሁሉ መንገድ ልጁን ስናገረው አንተ እየሰማህ ነበር?" አለችኝ። ከጥፊው ይልቅ ያ ዝምታዬ ነው የከበዳት። ከዚያ ተነሥታ ወንድሜ ወዳለበት ክፍል ገባች። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።

እሱ "ይቅር ብዬሃለሁ" የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ በአፉ አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ወደ ጣና እንወርዳለን፤ እሱ ይዋኛል፣ እኔ ልብሱን እጠብቃለሁ። ያለፉትን ቅዳሜዎች እንደማይመልስለት አውቃለሁ፤ ሆኖም ድንጋዩ ላይ የመቀመጥ ተራው አሁን የእኔ ነው።

ባለፈው ወር ከውሃው ወጥቶ ጆሮውን እያደረቀ "ያን ምሽት የመሰከርኩት ጎዶሎ ነበር" አለኝ። "መዳኔን ተናግሬአለሁ። ቀሪውን መናገር ያለብህ አንተ ነህ።" ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ወደ አዘጋጆቹ ከመላኬ በፊት አንብቦታል፤ አንድ ቦታ ላይ ራሴን ያሳመርኩበትን ዐረፍተ ነገር ሰርዞብኛል።

እንግዲህ ያን የሐምሌ ምሽት በአዳራሹ የነበራችሁ፣ አብራችሁኝ "አሜን" ያላችሁ ሁሉ፣ ቀሪውን ስሙ። ጌታ የወንድሜን ጆሮ በእርግጥ ፈውሷል። የቀደደው ግን ኳስ አልነበረም። የመታሁት እኔ ነኝ።

ለኅብረት ውይይት

1. በዘጸ. 21፥18–19 መሠረት የዳነ ሰው ምን ይከፈለዋል? ዛሬ በመካከላችን "ቀኑን የወሰድንበት" ሰው ቢኖር እንዴት እንመልስለታለን?

2. በደልን መናዘዝ የተበደለውን ሰው የሚረዳው መቼ ነው? መልሶ የሚያቆስለውስ መቼ ነው?

3. በምስክርነት ሰዓታችን ፈውሱ ተነግሮ ያቆሰለው የሚታለፍበት ጊዜ አለ ወይ? የተጎዳውን ሳናጋልጥ እውነትን እንዴት እንናገራለን?